አደይ ዝምተኛ አልነበረችም

ወልቂጤ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ክፍል ስከራይ፣ ስለ አከራዬ ስለ አደይ የተነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዝምተኛ ናት። ቤቱን ያሳየኝ ደላላ «ሴትየዋ ሰው አትነካም፣ ድምጿም አይሰማም» አለኝ፤ ውኃና መብራት አለው እንደሚል ሰው። እውነትም አይሰማም ነበር። ጠዋት በሯን ከፍታ ግቢውን ትጠርጋለች። ለልጆቿ ቁርስ አቅርባ «ብዪ» ትላለች፤ «ልበስ»፣ «ቶሎ»፣ «ዣንጥላሽን» ትላለች። ከዚያ እስከ ማታ የሚሰማው የባልዲና የመጥረጊያ ድምፅ ነው። ቃላቷ እንደ ቁልፍ ነበሩ፤ አጫጭር፣ እያንዳንዳቸው ለአንድ በር ብቻ የተሠሩ።

የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነበር። ስልኳ ጠርቶ ደዋይዋ እናቷ ከሆነች አደይ ስልኩን ይዛ ከግቢው ትወጣለች። ዝናብ ቢዘንብም ትወጣለች። አንድ ቀን ከውጭ ስመጣ አጥሩን ተደግፋ ስታወራ አየኋት። አንድ እጇ ስልኩን ይዟል፤ ሌላው አየሩን ይቆርጣል፣ ይሰበስባል፣ ይበትናል። በጉራጊኛ ነበር የምታወራው፣ እኔ ደግሞ ጉራጊኛ አልችልም። ከሰው ጋር የምትጣላ መሰለኝና ፈጠን ብዬ አለፍኩ። በሬን ስከፍት ግን ከኋላዬ ሳቋን ሰማሁ፤ ከሆድ የሚወጣ፣ ሌላውን ሰው ካለበት የሚጠራ ሳቅ ነው። ከዚያ ወደ ግቢ ገባች፤ ፊቷ እንደ ሱቅ መስኮት ተዘጋና ባልዲዋን አነሳች።

አደይ የተወለደችው እዣ ውስጥ፣ ከአገና ከተማ በእግር በሚደረስ መንደር ነው። እዚያ ሴቶች እንሰት የሚፍቁት ተጠራርተው ነው። ጓሮ ውስጥ፣ በእንሰቱ ጥላ ሥር፣ ቅጠል አንጥፈው ይቀመጣሉ፤ ዘንበል ብሎ በቆመ ጣውላ ላይ የእንሰቱን ግንድ በእግራቸው ደግፈው በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች እየሳቡ ይውላሉ። ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። ስለዚህ እጀ ፈጣን ሴት ብቻ አትጠራም፤ ጨዋታ አዋቂም ትጠራለች፤ ቀኑን የምታሳጥር። አደይ ገና ልጃገረድ ሳለች ከሩቅ መንደር ሳይቀር ይልኩባት ነበር። እጇም ደህና ነው፣ የሚፈለገው ግን አፏ ነበር። ሴቶች ወደሚፍቁበት ቦታ ወንድ አይቀርብም፤ ነውር ነው። ወንዶቹ ከአጥሩ ማዶ ሆነው የሚሰሙት ሳቁን ብቻ ነበር።

ባሏ ባልቻ ከወልቂጤ አገና የሚመላለስ ሚኒባስ ሹፌር ነው። ደግ ሰው ነው፤ ያረጁ ሴቶችን ወንበር ባይኖር እንኳ አስጠግቶ ይጭናል። በልጅነቱ ትምህርቱን አቋርጦ መርካቶ ገብቶ ነበር፤ ካልሲና ቀበቶ በእጁ ይዞ እየዞረ ይሸጥ ነበር። እዚያ አማርኛ ሲናገር ይስቁበታል። ዋጋ ሲጠራ ደንበኛው እሱ ባለው ቃና መልሶ ይጠራለታል፤ ጎን ያሉት ነጋዴዎች ይቀበላሉ፤ መደዳው በሙሉ ይስቃል። «የተራበ ሆድ ይረሳል» አለኝ አንድ ጊዜ መኪናውን እያጠበ። «የተሳቀበት አፍ ግን አይረሳም።» ከዚያ ውኃውን ጎማው ላይ ደፋና ወሬውን ቀየረ።

የመጀመሪያ ልጃቸው ናዝራዊት መዋዕለ ሕፃናት ስትገባ ባልቻ ከተማው ውስጥ ጥሩ ከሚባሉት የግል ትምህርት ቤቶች አንዱን መረጠላት። ጥቂት ወራት ቆይቶ ርዕሰ መምህሯ ወላጆችን ጠራች። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ አለች፤ ግን ቃላት ታቀላቅላለች። በእንግሊዝኛ ጀምራ በአማርኛ ትሄድና በጉራጊኛ ትጨርሳለች። «ቤት ውስጥ ያካባቢውን ቋንቋ ቀነስ አድርጉላት» አለች። ርዕሰ መምህሯ ያለችው ይኼን ብቻ ነው፤ ቀነስ አድርጉ። ምናልባት ለሁሉም ወላጅ የምትለው ነው፤ ምናልባት ከሰዓት በኋላ ረስታዋለች።

ባልቻ ግን አልቀነሰም፤ አጠፋው። የዚያን ዕለት ማታ አደይን አስቀምጦ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት አማርኛ ብቻ ነው አላት። በአማርኛ አላት። እሷም እሺ አለች። ፍቅር ነበር፤ ሁለቱም ያንን አልተጠራጠሩም። በልጃቸው አፍ ላይ ማንም እንዳይስቅ የቤታቸውን አፍ ዘጉት። ባልቻ ቀኑን ሙሉ መኪናው ውስጥ ከተሳፋሪ ጋር በጉራጊኛ ሲያወራ፣ ሲቀልድ፣ ሲከራከር ይውላል፤ ማታ የግቢውን በር ሲከፍት አማርኛውን ይለብሳል። አደይ ግን መኪና አልነበራትም። በግቢው ተከራይቶ የሚኖረው ሁሉ ከሌላ ቦታ የመጣ፣ ቋንቋዋን የማይሰማ ነው። የእሷ አማርኛ ደግሞ የገበያ አማርኛ ነበር፤ ሽንኩርት ለመግዛት ይበቃል፣ ልጅ ለማሳቅ አይበቃም። ስለዚህ የሚበቃትን ያህል ተናገረች። ብዪ። ልበስ። ቶሎ።

ይኼን ሁሉ ያወቅኩት ኋላ ነው፤ ከባልቻ፣ ከጎረቤት፣ ጥቂቱን ከራሷ። ነገሩ መጀመሪያ የታየኝ በሰኔው የወላጆች ቀን ነው።

ባልቻ ሥራ ላይ ነበርና አደይ በሬን አንኳኳች። «እንግሊዝኛ ትችላለህ አይደል?» አለችኝ። አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ነበር። ሄድን። ድንኳን ተጥሎ፣ ፊኛ ተንጠልጥሎ፣ የድምፅ ማጉያው እየጮኸ ነበር። ናዝራዊት ስምንተኛ ክፍልን ልትጨርስ ነው፤ በንግግር ውድድር አሸንፋ ንግግሯን ለወላጆች እንድታቀርብ ተመርጣለች። መድረኩ ላይ ወጣች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ እንኳ እንደዚያ ቀለል ያለ እንግሊዝኛ ተናግሬ አላውቅም፤ ቃላቱ ከአፏ እንደ ውኃ ይወርዱ ነበር። ርዕሷ «እናቴ» ነበር። አደይ ወደፊት ዘንበል ብላ፣ እጆቿን ጉልበቶቿ መካከል አድርጋ፣ የማትሰማውን ንግግር በዓይኗ ሰማችው። ሰው ሲያጨበጭብ አጨበጨበች። ከሁሉም በኋላ ነበር እጇ ያቆመው።

«ምን አለች?» አለችኝ ወዲያው።

እኔም እንዳለ ነገርኳት። «እናቴ ዝምተኛ ሴት ናት አለች። ቤታችን ውስጥ ብዙ ወሬ የለም። እናቴ የምትወደኝ በዝምታዋ ነው፤ እኔም ዝምታን ከእሷ ተማርኩ አለች።»

አደይ ወደ መድረኩ ተመለከተች። ናዝራዊት የምስክር ወረቀቷን ይዛ ፎቶ እየተነሳች ነበር።

«ዝምተኛ?» አለች አደይ። ስለ ሌላ ሰው እንደሚጠይቅ ሰው ነበር ያለችው። «እኔ?»

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሁሉ አልተናገረችም። እኔ ግን ያ ዝምታ ከሌላው ቀን ዝምታዋ የተለየ መሆኑን ጫማዬ ሳይቀር ያወቀ መሰለኝ።

ክርክሩ የተነሳው በነሐሴ ነው። ሁለተኛው ልጃቸው ሱራፌል አንደኛ ክፍል ሊገባ ነው። እስካሁን ሰፈር ውስጥ ባለች ትንሽ መዋዕለ ሕፃናት ነበር የዋለው፤ አሁን ትምህርት ቤት ሊመረጥለት ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ የግቢው ሰው በረንዳው ላይ ተሰብስቦ የበቆሎ እሸት ይበላ ነበር። ገበያ ውስጥ ልብስ የምትሸጠው ሰልሚያ ነበረች፤ ከቡታጅራ በኩል የመጣች፣ ልጇን መንግሥት ትምህርት ቤት የምታስተምር ተከራይ። ይድነቃቸውም ነበር፤ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ፣ እዚያው መንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምር። ግቢው በሙሉ ቲቸር ነው የሚለው።

«ነገ ሱራፌልን ላስመዘግብ ነው» አለ ባልቻ። «ቦታ ሊሞላ ነው ብለዋል።»

«አይሄድም» አለች አደይ።

በቆሎ የሚፈለፍለው እጅ ሁሉ ቆመ። አደይ በባሏ ንግግር ላይ ስትናገር ማናችንም ሰምተን አናውቅም።

«ምን አልሽ?»

«ሱራፌል እዚያ አይሄድም። መንግሥት ትምህርት ቤት ይገባል።»

ባልቻ መጀመሪያ ሳቀ። «ቲቸር፣ በናትህ ንገራት እስቲ። አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ ነው የምታስተምረው?»

«እሱን ተወው» አለ ይድነቃቸው። «ለመስከረም ወንበር ይመጣል ተብሏል።»

«ይኸው! እስካሁን መሬት ላይ ነበሩ ማለት ነው።»

«ወላሂ የኔ ልጅ መሬት ላይ ተቀምጣ ነው ማባዛት የቻለችው» አለች ሰልሚያ። «ያንተ ልጅ በስልክ ነው የምታባዛው። ስልኩ ቻርጅ ሲጨርስ ሒሳቡም ይጨርሳል።»

ሁሉም ሳቀ፤ ባልቻም ሳቀ። «አንቺ ምላስሽ!» አላት። «ሰው መናቄ አይደለም ሰልሚያ። ግን በየጊዜው አስተማሪ የለም ተብሎ ወደ ቤት ይመለሳሉ። መጽሐፍ ለሦስት ለአራት ነው የሚያነቡት። እንግሊዝኛ ብለው የሚያስተምሩትን ራሳቸውም አይችሉትም። ይቅርታ ቲቸር።»

«እኔ ሒሳብ ነኝ» አለ ይድነቃቸው።

«ቆይ ቲቸር» አለች ሰልሚያ ወደ እሱ ዞራ። «አንተስ? ያንተ ልጆች የት ነው የሚማሩት?»

ይድነቃቸው የበቆሎውን ቆረቆንዳ አገላብጦ አየው፤ የቀረ ፍሬ ካለ እንደሚፈልግ። «ግል» አለ።

«እና የኛ ልጆች ምን በደሉህ?»

«ሰልሚያ ሙች፣ አልደብቅሽም» አለ። «ጠዋት ክፍል ስገባ በሙሉ ልቤ ነው የምገባው። ግን ልጆቹ ብዙ ናቸው፤ ዓመቱ አልቆ እንኳ የአንዳንዱን ስም አላውቅም። መንገድ ላይ ሰላም ይሉኛል፣ ማን እንደሆኑ ይጠፋኛል። ለልጆቼ የፈለግኩት ስማቸውን የሚያውቅ አስተማሪ ነው። ሌላ ምንም አይደለም።»

ሰልሚያ አንድ የበቆሎ እሸት አንስታ አቀበለችው። 

ባልቻ ወደ ሚስቱ ዞረ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምንድነው ግን አደይ? ናዚ ምን ሆነች? ክፍሏን የምትመራ ልጅ ናት። እንግሊዝኛዋን ሰምተሻል። ነገ አዲስ አበባ ብትሄድ ማንም አይስቅባትም። ከዚህ በላይ ምን ይምጣልሽ?»

«ናዚማ ጎበዝ ናት» አለች አደይ።

«እና?»

አደይ በጉራጊኛ አንድ ነገር ጀመረች፤ ሁለት ሦስት ቃል ከአፏ ወጣ። ከዚያ ናዝራዊት በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ስልኳን ስትነካካ አየቻትና ቃሉን ዋጠችው።  በአማርኛ ፈለገች። የሚበቃ አልተገኘም። በመጨረሻ ያላትን ተናገረች።

«አንዱን ልጅ ለኔ ተውልኝ።»

«ልጆቹ የማን ናቸው ታዲያ?» አለ ባልቻ። ተቆጥቶ ግን አልነበረም፤ ግራ ተጋብቶ ነበር።  ሰልሚያ የበቆሎውን ልጣጭ ሰብስባ ተነሳች። ባልቻም፣ «እስቲ ከአገና ስንመለስ» ብሎ ነገሩን አሳደረው።

ወደ አገና የሚሄዱት ለመስቀል የሚደርስ እንሰት ሊፋቅ ስለሆነ ነው። የአደይ እናት እጃቸውን ያማቸዋልና አደይ በየዓመቱ ሄዳ ታግዛቸዋለች። ሌላ ጊዜ ብቻዋን ነበር የምትሄደው፤ ልጆቹ ትምህርት ወይም ማጠናከሪያ አላቸው። ዘንድሮ ባልቻ ሁላችንንም ጫነን፤ እኔንም «መንደር አይተህ ታውቃለህ? ና» ብሎ።

ጉብሬን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ ጭጋጉ እየተገለጠ መጣ። መንደሩ ስንደርስ ከመኪናው ወርጄ ቆምኩ። ጀፎረ የሚሉትን ስሙን እንጂ መልኩን አላውቅም ነበር። በሁለት መደዳ ቤቶች መካከል ሰፊ የሣር መንገድ ተዘርግቷል፤ አጭር፣ ለስላሳ፣ አረንጓዴ፤ ከተማ ውስጥ አደባባይ የምንለው ነገር ሁሉ ከዚህ የተሰረቀ መሰለኝ። ከቤቶቹ ኋላ እንሰቱ ሰፋፊ ቅጠሉን ዘርግቶ ቆሟል። አደይ ወርዳ ነጠላዋን አስተካከለች። የእናቷ ቤት ደጃፍ ላይ ያሉት ሴቶች ከሩቅ ስሟን ጠርተው ተቀበሏት፤ ናዝራዊትንም እየደጋገሙ ሳሟት። ሴቶቹ ወደ ጓሮ ሲገቡ ናዝራዊትም አብራ ገባች። እኔና ባልቻ ከአጥሩ ማዶ ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ሱራፌል ከመንደሩ ልጆች ጋር ኳስ ሊያባርር ሮጠ።

መጀመሪያ የመፋቂያው ድምፅ ብቻ ነበር፤ ሸርተት፣ ሸርተት፣ ሸርተት። ከዚያ አንዲት ሴት ተናገረች፤ ሌላዋ መለሰች፤ ተሳሳቁ። ከዚያ ሁሉም ዝም አሉና አንድ ድምፅ ብቻ ቀረ። እኔ አላወቅኩትም። ወፍራም፣ ቀስ ብሎ የሚጀምር፣ ከዚያ የሚሮጥ፣ ድንገት ቀጥ የሚል ድምፅ ነው። ሲቆም መፋቂያዎቹም ይቆማሉ። እንደገና ሲነሳ ይነሳሉ። አንዴ እንደ አሮጊት ይሆናል፣ አንዴ እንደ ሰካራም፣ አንዴ እንደ ጥጃ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ፤ እንሰቱ ሳይቀር የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። አንድ ቃል ሳይገባኝ እኔም ሳቅኩ። ስለ ግጥም ምጣኔ ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ፤ ምጣኔ ምን እንደሆነ ግን የዚያን ዕለት ከአጥር ማዶ ነው የገባኝ።

«ማናት?» አልኩት ባልቻን።

ባልቻ ሣሩን በጣቶቹ ይነቅል ነበር። ቆይቶ፣ «አደይ ናት» አለ።

ፊቱን ሳየው ደነገጥኩ። ባልቻ ራሱ ከብዙ ጊዜ በኋላ የሰማት ሰው ነበር የሚመስለው።

«እዚህ ጋ ነበር የምቆመው» አለኝ። «መኪና መንዳት ስጀምር፣ ገና ሳላገባ። ሴቶቹ ሲፍቁ እዚህ እመጣለሁ። መልኳን ሳላውቅ ነው የወደድኳት፤ ድምፅዋን ሰምቼ። ይቺን ነው የማገባው ብዬ ሽማግሌ ላክሁ።» ሣሩን በተነው። «ከዚያ ወሰድኳትና...» አለ።

ናዝራዊት በአጥሩ ክፍተት በኩል ብቅ አለች። ጫማዋ ጭቃ ነክቶታል። ፊቷ ላይ ፈገግታ ነበር፤ ግን ከየት እንደመጣ እንደማታውቀው ዓይነት ፈገግታ።

«አባ፣ እማዬ እያወራች ነው።»

«እሰማለሁ።»

«ሁሉም ይስቃሉ። አንዷማ እያለቀሰች ነው የምትስቀው። እኔንም ይጠይቁኛል፣ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፤ እሺ እሺ እላለሁ።» ወደ ኋላዋ ተመለከተች። «ምን እያለች ነው?»

ባልቻ ሳቅ እያለ ጀመረ። «ስለ አንድ ሰውዬ ነው። አማቱን ያፍራል። እና ሲመጡ አይቶ ተደበቀ... አይ፣ መጀመሪያ ከሚስቱ ጋር ተጣልቷል። እና ቆጮ የሚቀበርበት ጉድጓድ አለ አይደል? እዚያ ገባ።»

«እሺ።»

«እና አማቱ ቆጮ ሊያወጡ መጡ።»

«እሺ?»

«እሱ ነው።»

ናዝራዊት እንደ ጥሩ ተማሪ ጠበቀች። የሚቀጥል መስሏት ነበር። «ያስቃል?» አለች።

«እሷ ስትናገረው ያስቃል።»

ከአጥሩ ማዶ ድምፁ እንደገና ሮጠ፣ ቀጥ አለ፣ ሳቁ ፈነዳ። ባልቻም ሳያስበው ሳቀ። ናዝራዊት አንድ ጊዜ አባቷን፣ አንድ ጊዜ አጥሩን አየች። እኔም አሰብኩት፤ አባትየው ይሰማል፣ መግባት አይችልም። ልጅቷ መግባት ትችላለች፣ አይገባትም።

«እማዬ ሁልጊዜም እንደዚህ ነበረች?» አለች።

«ድሮም።»

«ታዲያ እኔ ለምን አላውቅም?»

 ናዝራዊት ወደ መኪናው ሄዳ ተቀመጠች። በሩን ክፍት ትታዋለች፤ ስልኳን አልከፈተችም።

ስንመለስ ጉብሬ ደረስን። እዚያ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የሚሳፈሩባቸው ባጃጆች መንገድ ዘግተው ስንቆም ባልቻ መስተዋቱን እያየ ተናገረ። «ሱራፌል መንግሥት ትምህርት ቤት ይገባል። ቤት ውስጥም እንደፈለግሽ አውሪ።» አደይ ከኋላ ወንበር ተኝቶ የነበረውን የሱራፌልን ራስ ጭኗ ላይ አስተካከለች። በመስኮቱ ነጸብራቅ ውስጥ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ልጁ ሲነቃ ምን እንደምትለው የምትለማመድ መሰለችኝ።

መስከረም ገባ። አደይ ጠዋት ጠዋት ሱራፌልን እጁን ይዛ ትወስደው ጀመር። ከግቢው በር ሳትወጣ በጉራጊኛ ትጀምርለታለች፤ ስለ ጭቃው፣ ስለ ውሻው፣ ስለ ፀሐዩ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትናገራለች። ክፍሉ ውስጥ ልጆቹ እንደተባለው ብዙ ነበሩ፤ ወንበሩ አልመጣም። አስተማሪዋ ግን ጎበዝ ነበረች፤ በየረድፉ እየዞረች የልጆቹን ፊት እያየች ስማቸውን ትጠራ ነበር። ሱራፌል ፊደሉን በአጭር ጊዜ ለየ። እኔም ክርክሩን አደይ ያሸነፈች መሰለኝ።

ያላሰብነው ነገር ነበር። አደይ ይኼ ትምህርት ቤት ልጇን እንዲመልስላት ነበር የጠበቀችው፤ የግሉ ትምህርት ቤት እንደወሰደባት ሁሉ። ግን ግቢው ውስጥ ኳስ የሚያባርረው ልጅ ሁሉ በአማርኛ ነበር የሚጮኸው። አስተማሪዋም በአማርኛ ታስተምራለች። አብዛኛዎቹ የጉራጌ ልጆች ነበሩ፤ እናቶቻቸው በር ላይ እርስ በርስ በጉራጊኛ ያወራሉ፣ ልጆቻቸውን ሲጠሩ ወደ አማርኛ ይዞራሉ። አደይ ይኼን ለሰልሚያ ስትነግራት ሰልሚያ ሳቀች።

«አደይዬ፣ ምን መስሎሽ ነበር? የኔዋስ የእናቴን ቋንቋ ታውቃለች እንዴ? ሰላምታ ነው የምትችለው።» ከዚያ ሳቋን አቆመች። «ሰላምታውንም ስልክ ላይ እኔ እየነገርኳት ነው» አለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባልቻ ግቢው ውስጥ መኪናውን ያጥባል፤ ሱራፌል ከሰፈር ጓደኞቹ ጋር በሩ ላይ ይጫወታል። አደይ ከቤት ብቅ ብላ በጉራጊኛ ጠራችው፤ ረዘም ያለ፣ ቀልድ ያለበት የሚመስል ጥሪ ነበር። ጓደኞቹ ዞር ብለው አዩዋት። ሱራፌል ጆሮው ቀላ።

«እማ፣ በደንብ አውሪ እንጂ!» አላት።

ባልቻ ጨርቁን እንደያዘ ቀና አለ። «አንተ!» አለ። ልጁ ፈርቶ ቆመ። ባልቻም ቆመ።  ከጨርቁ የሚንጠባጠበው ውኃ ጫማውን ያረጥበዋል።

«ተወው» አለች አደይ። «ከኛ ነው የሰማው።»

እኔ በሬ ላይ ቆሜ ነበር። ያን ሁሉ የነሐሴ ክርክር አስታወስኩ፤ ወንበሩን፣ መጽሐፉን፣ እንግሊዝኛውን፣ ቲቸር የማያውቃቸውን ስሞች። ሁሉም እውነት ነበር፤ ሁሉም ሰው ልክ ነበር። ስለ ሁለቱም ትምህርት ቤት በደንብ ተነጋገርን፤ ስለ ቤቱ ግን ማንም አልተናገረም። ልጆቹ የመጀመሪያውን ትምህርት የተማሩት እዚያ ነው፤ አንዱን ቋንቋ ውጭ በር ላይ አውጥተን እናወራዋለን፣ አንዱን ውስጥ። ያንን ትምህርት ሁለቱም በደንብ አልፈዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባልቻ ማታ ማታ ለአደይ በጉራጊኛ መናገር ጀመረ። መጀመሪያ አፍሮ ነበር፤ በገዛ ቤቱ ጫማውን አውልቆ እንደሚገባ እንግዳ። አንድ እሑድ እራት ጠርተውኝ ገባሁ። ጎመኑና ቆጮው ቀርቧል። ባልቻ አንድ ነገር ጠየቃት፣ አደይ መለሰች፤ አጭር ነበር። እንደገና ጠየቃት። በዚህ ጊዜ እጇ ከማዕዱ ተነሳ፤ አየሩን ቆረጠ፤ ድምፅዋ ቀስ ብሎ ጀመረና መሮጥ ያዘ። ባልቻ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። ያቺ ከአጥሩ ማዶ የሰማኋት ሴት፣ እዚህ፣ በዚህ አምፖል ሥር ነበረች። ባልቻ ሳቀ፤ በመዳፉ ጉልበቱን መታ።

ልጆቹ በዝምታ ይበሉ ነበር። እኔ ባይገባኝ አይገርምም፤ እንግዳ ነኝ። ግን ሦስታችንም አንድ ዓይነት ነበርን፤ ሳቁ ሲመጣ ፈገግ የምንል፣ ዓይናችንን ሳህኑ ላይ የምናደርግ። ሱራፌል እንቅልፍ ይዞት ግድግዳውን ተደግፏል። ናዝራዊት እናቷን ታያለች፤ አንድ ጊዜ ከንፈሯ ሊከፈት ምንም አልቀረውም ነበር፣ ግን ምን ብላ ትግባ? ከዚያ እጇን ታጠበች። ሳህኗን አነሳች። ሰው ቤት በእንግድነት እንዳለች ልጅ፣ በጣም በትሕትና፣ ማንንም ላለማቋረጥ ዝቅ ብላ፣

«በሉ እናንተ ተጫወቱ» አለችና ወደ ክፍሏ ገባች።

አደይ ወሬዋን መሀል ላይ አቆመች። እጇ አየር ላይ እንዳለ ቀረ።

ባልቻ ቀጥዪ አላት፤ በምልክትም በቃልም። አደይ የልጇን በር አየች፣ ከዚያ እሱን። ልትቀጥል ፈለገች። ግን የት እንደደረሰች ጠፋባት።